ከመተማ ቆላ የወጣው ቅርስና የከተማ ሙዚየሞች

መተማ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የምትገኝ የድንበር ከተማ ናት። ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት ክረምት የሚሞላ፣ በጋ የሚደርቅ ጅረት ብቻ ነው። የዞኑ መቀመጫ ገንዳ ውኃ ሲሆን፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆም በዚሁ ዞን ይገኛሉ። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥ፣ የማሽላና የዕጣን አገር ነው። ጓንግ፣ ሽንፋና አይማ ከደጋው ወርደው ሱዳን ሲገቡ አትባራ፣ ራሃድና ዲንደር ይባላሉ። በዚህ ቆላ ነጋዴ፣ ሐጂ፣ ሚስዮናዊ፣ ጦርና ስደተኛ በየዘመኑ አልፎበታል። በዚህም ምክንያት የቆላው ታሪክ ያረፈባቸው ዕቃዎች በቦታቸው ብዙ አይገኙም። ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ ኦምዱርማን፣ ኦክስፎርድና ለንደን ተበታትነዋል። የመተማን ታሪክ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው በየከተማው ሙዚየም መዞር አለበት። አንዳንዱን በነጻ፣ አንዳንዱን በትንሽ ገንዘብ ያየዋል፤ አንዳንዱ ግን በገንዘብም አይገኝም።

ከሁሉ የቆየው ከመሬት በታች የወጣው ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጭልጋ፣ በጓንግ ወንዝ አካባቢ 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። አፍሪካ ከእስያ ጋር በየብስ ባልተገናኘችበት በዚያ ዘመን የኖሩ የዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የሚባለው ባለ ሁለት ታላላቅ ቀንድ እንስሳ ከመካከላቸው ይገኙበታል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሞ የዓለምን ሳይንቲስቶች ቀልብ ስቧል።

ከዚያ የሚቀጥለው የመተማን ስም በራሱ የያዘ ነው። በሽንፋ ወንዝ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኘው የጥንት ሰው ሰፈር በሳይንሱ ዓለም ሽንፋ መተማ 1 ተብሎ ይጠራል። በጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን የጥናቱን ውጤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኔቸር መጽሔት አውጥቷል። ሰዎቹ በስፍራው የኖሩት የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ፣ በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ደሴት የሚገኘው ቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጊዜ ነው። የዚያ ፍንዳታ በዓይን የማይታዩ የመስታወት ብናኞች በሽንፋ አፈር ውስጥ ተለይተዋል። ከፍንዳታው በኋላ በጋው እንደረዘመና እንደደረቀ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ኬሚካላዊ ምርመራ አሳይቷል። ሰዎቹ ግን አካባቢውን ለቀው አልሄዱም። ወንዙ ወደ ኩሬ ሲቆራረጥ ዓሣው በጥቂት ውኃ ውስጥ ስለሚጠራቀም ከበፊቱ ይልቅ ዓሣ በብዛት መብላት ጀመሩ። ባለ ሦስት ማዕዘን ትናንሽ የድንጋይ ስለቶችም ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎቹ የፍላጻ ጫፍ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይናገራሉ። ይህ ከታመነ ሽንፋ ቀስት ከተወነጨፈባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ ይሆናል። የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው የግድ በልምላሜ ዘመን ሳይሆን፣ በበጋ የሚቆራረጡ ወንዞችን ከኩሬ ወደ ኩሬ ተከትሎ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብም ከዚህ ጥናት የመጣ ነው። የጓንግንና የሽንፋን በጋ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ ከብዙ የመጽሐፍ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ቅርብ ነው።

በኢትዮጵያ ከመሬት የሚወጣ ቅርስ የአገር ሀብት በመሆኑ በተመራማሪው እጅ አይቀርም። ቅሪተ አካላት የሚጠበቁትና የሚጠኑት በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ነው። ሙዚየሙ ያደገው እ.ኤ.አ. በ1958 ከተቋቋመው የአርኪኦሎጂ ተቋም ነው። በየትም ሙዚየም ለተመልካች የሚወጣው በጓዳ ከሚቀመጠው እጅግ ያንሳል። በ1967 ዓ.ም. በአፋር የተገኘችው ድንቅነሽ ራሷ እንኳ ለተመልካች የምትቀርበው በቅጂዋ ነው።

በጽሑፍ ዘመን የመተማ ቆላ ስም የሚነሣው በመጀመሪያ ከቋራ ጋር ነው። እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ነበሩ። በ18ኛው መቶ ዘመን ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱና ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር ጎንደርን ሲያስተዳድሩ የቋራ ዘመዶቻቸው በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ስፍራ ይዘዋል። እቴጌይቱ ከጎንደር ወጣ ብሎ ቁስቋም ማርያምን አሠርተው በዚያ ኖሩ። ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደተሰጠ የሚነገርለት የወርቅ ዘውድ ግን ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውዱን ከሌሎች የጎንደር ቅርሶች ጋር ወደ መቅደላ አወጡት፤ የእንግሊዝ ጦር ደግሞ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘርፎ ወሰደው። የብሪታንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ቋሚ ስብስቦቻቸውን በነጻ ያሳያሉ። ብሪቲሽ ሙዚየም በእ.ኤ.አ. 1759 በሩን ለሕዝብ የከፈተው በነጻ ነበር፣ ዛሬም በነጻ ነው፤ ሌሎቹ ብሔራዊ ሙዚየሞችም ከእ.ኤ.አ. 2001 ወዲህ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ የቋራዋን እቴጌ ዘውድ ለማየት የሚያወጣው የባቡር ዋጋውን ብቻ ነው። የገንዳ ውኃ ተማሪ ግን ያንኑ ዘውድ ለማየት ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልገዋል። ነጻ የሚባለው ለማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሳለ በራስ ኤል ፊል፣ ማለት በመተማ አካባቢ ባለው ቆላ ላይ የማዕረግ ሹመት ተሰጥቶት ነበር። በ1764 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከጎንደር ወጥቶ በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ሰናር ሲያልፍ ከጓዙ መካከል የግዕዝ መጻሕፍት ነበሩበት። የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂዎች በእሱ እጅ አውሮፓ ደረሱ። አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ተሰጥቶ ፓሪስ ቀረ፤ አንዱ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ። አውሮፓውያን የጠፋ ነው ብለው ሲያስቡት የኖሩትን መጽሐፍ ሙሉውን ለማንበብ ያስቻላቸው ይህ ነው።

የመተማ ገበያ የታወቀው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዳርፉርና ከዚያም ምዕራብ ካሉ አገሮች ወደ መካ ሲመላለሱ በመንገድ የቀሩ ተክሩሮች ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በዚህ ሰፍረው ነበር፤ ጥጥ ያመርታሉ፣ ገበያውንም ያስተዳድራሉ። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ፈረስና በቅሎ ይወርዳል፤ ከቆላው ጥጥ ይወጣል። መገበያያው ማርትሬዛ ብር ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. ሲደርስ የተክሩሮቹ አለቃ ሼክ ጁማ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብር ነበር። በሁለት መንግሥት መካከል ያለ ገበያ ሰላሙን የሚገዛው በሁለት ግብር ነው። በ1860ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን በመተማ ጣቢያ ነበረው። በኅዳር 1858 ዓ.ም. ደግሞ ሆርሙዝድ ራሳም የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ የሚመጣውን የመግቢያ ፈቃድ በመተማ ሆኖ ጠብቋል።

ገበያው የሚያስተላልፈው ቡናና ሰም ብቻ አልነበረም። ባሪያ ከዋና ዋና ሸቀጦቹ አንዱ ነበር። ቡናው ተጠጥቶ፣ ሰሙ ቀልጦ፣ ሰዎቹ ደግሞ ስማቸው ሳይጻፍ በካይሮና በካርቱም መንገድ ጠፍተዋል። ንግድ ከጦርነት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ቢኖረውም ለሙዚየም የሚተወው ዕቃ ከጦርነት ያነሰ ነው። የመተማ ዋናው ታሪክ ገበያው ሆኖ ሳለ በየሙዚየሙ ግን የሚገኘው ጦርነቷ የሆነው ስለዚህ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስም ከዚሁ ቆላ ናቸው። ካሣ ኃይሉ በቋራ ተወልደው በቋራ ሸፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1848 በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ተሸነፉ። መድፍና ሥርዓት ያለው ጦር ምን እንደሚያደርግ ያዩት በዚያ ነው። ከንግሥናቸው በኋላ በመድፍ ሥራ ላይ ያሳዩትን ጉጉት ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ሽንፈት ጋር ያያይዙታል። መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ አፅማቸው ወደ ቆላው ተመልሶ በማኅበረ ሥላሴ ገዳም አርፏል። ከአስከሬናቸው ላይ ተቆርጦ የተወሰደው ጸጉር ግን በለንደን ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ቆየ። ኢትዮጵያ ስትጠይቅ ከቆየች በኋላ ሙዚየሙ ጸጉሩን በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መለሰ። ወደ ብሪታንያ ከሄዱት የመቅደላ ቅርሶች መካከል የተመለሰው ጥቂት ነው፤ ይህ ጸጉር ከዚያ ጥቂት አንዱ ነው።

የመተማን ስም በኢትዮጵያውያን ሁሉ ዘንድ ያሳወቀው የድርቡሽ፣ ማለት የሱዳን ማህዲስቶች፣ ጦርነት ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈራረሙት የዐድዋ ውል መሠረት በማህዲስቶች የተከበቡ የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ፤ የገላባቱ ጦርም ወጣ። ለዚህ ርዳታ ከእንግሊዝ ያገኙት ጥቅም ትንሽ፣ ከማህዲስቶች ያተረፉት ጠላትነት ግን ብዙ ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ላይ የድርቡሽን ጦር አሸንፈው አዛዡን ወድ አርባብን ገደሉ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ ሐምዳን አቡ አንጃ ሳር ውኃ ላይ ንጉሡን ድል ነሥቶ ጎንደር ገባ፤ ከተማዋን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። ከቃጠሎው የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። የጎንደር ሰው የንብ መንጋ ወጥቶ ድርቡሽን እንዳባረረ ይተርካል። ዛሬ ጎንደርን የሚጎበኝ ሰው የጣሪያዋን መላእክት ቀና ብሎ ሲያይ፣ ሌሎቹ አድባራት ምን ዓይነት ሥዕል እንደነበራቸው ከእርሷ መገመት ይችላል።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ሦስት ግንባር ነበረባቸው። በሰሜን ጣልያን ከምጽዋ ወደ ደጋው እየገፋ ነው፤ በደቡብ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት አድመዋል፤ በምዕራብ ድርቡሽ አለ። ጎጃምን ከቀጡ በኋላ ፊታቸውን ወደ መተማ አዞሩ። አቡ አንጃ በዚያው ወራት ሞቶ ዘኪ ቱማል ተተክቶ ነበር። ድርቡሾቹ ገላባትን በእሾህ አጥርና በምሽግ አጥረው ጠበቁ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን በአንድ ወገን ጥሶ ገባ። ድሉ በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ ወሬው ሲሰማ ጦሩ ተፈታ። ዐፄ ዮሐንስ ራስ መንገሻን ወራሻቸው አድርገው በማግስቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ ወደ ደጋው ይመለስ የነበረውን ወገን ድርቡሾች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት፤ ራስ አርአያ ሥላሴ ድምፁ በዚያ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ከምርኮው ጋር ኦምዱርማን ወርዶ ለሕዝብ ታየ። በዓለም ላይ በጦር ሜዳ ከወደቁ የመጨረሻ ነገሥታት መካከል ዐፄ ዮሐንስ ይቆጠራሉ።

የዚህ ጦርነት ፍሬ የታየው ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን ከጣልያን ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ፤ ውሉ ወደ ዐድዋ ወሰደ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ የሚያሳየው ታሪክ ያለ መተማ አይጀምርም፤ ጦሩ በመተማ ሜዳ ላይ ባይዳከም ኖሮ ጣልያን ወደ ደጋው እንዲያ በቀላሉ አይገባም ነበር።

የዘመኑ ሌላው ወገን ኦምዱርማን ውስጥ ነው። የማህዲስቶቹ መሪ የከሊፋ አብዱላሂ ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ በ1928 ሙዚየም ሆነ። የማህዲስቶች መሣሪያ፣ ሰንደቅና ልብስ የሚታየው በዚያ ነበር። ከመተማ በገዳሪፍ አድርጎ ካርቱም የሚወስደው አውቶቡስ በሚሠራበት ዘመን ከአዲስ አበባ ይልቅ ለመተማ ሰው የሚቀርበው ታላቅ ከተማ ካርቱም ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው የሱዳን ጦርነት ይህን መንገድ አጠፋው። ከዓባይ ሸለቆ ሥልጣኔ የተሰበሰበውን የያዘው የካርቱሙ ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል፤ መተማም ከሱዳን የሚሸሹ ሰዎች መግቢያ በር ሆናለች። በአካባቢው ኩመርና አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ተከፍተው ነበር።

መተማንና ገላባትን ለሁለት የከፈለው ወሰን የተደነገገው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የምኒልክና የእንግሊዝ ውል ነው። በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ጣልያኖች ገላባትን ያዙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የህንድ ብርጌድ ገላባትን አስለቀቀ፤ መተማን ግን ሊይዝ አልቻለም። ጣልያኖች ጥር ላይ ሲያፈገፍጉ መንገዱን በፈንጂ ሞልተውት ሄዱ። ሻምበል ያልደረሰው ወጣት የህንድ መኮንን ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት በአራት ቀን 15 የፈንጂ መስኮችን በማጽዳቱ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸልሟል። ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ ድርቁና ጦርነቱ ከጎንደርና ከትግራይ ሰውን ወደ ሱዳን ሲያሰድድ ቤተ እስራኤላውያን በዚሁ ቆላ በእግር አለፉ። በመንገድና በመጠለያ 4,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል፤ በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል።

ይህን ሁሉ በአቅሙ መጎብኘት የሚፈልግ የቆላ ሰው ከጎንደር ይጀምራል። ከመተማ ወደ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሲከፈት በአንድ ቀን ይገባል። ባለፉት ዓመታት የጸጥታው ችግር ጉዞውን ከገንዘብ ይልቅ የከለከለበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ለዜጋና ለውጭ አገር ሰው የተለያየ ክፍያ ያስከፍላል፤ የዜጋው እጅግ ያነሰ ነው። የግቢው ትኬት ለፋሲለደስ መዋኛም ያገለግላል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ያላየ ትኬቱን በከንቱ ያባክናል። ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም ለየብቻ ያስከፍላሉ። አስጎብኚ የሚይዝ ሰው ዋጋውን በር ላይ ሳይገባ መነጋገር አለበት፤ ከአምስት ወይም ከስድስት ሰው ጋር ተባብሮ መያዝ ደግሞ የተለመደው መላ ነው።

አዲስ አበባ ከመተማ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለዚህ ተጓዥ ውዱ ነገር የሙዚየም ትኬት ሳይሆን አውቶቡሱና አልጋው ነው። ስለዚህ ቁጠባው ያለው ከትኬቱ ላይ ሳይሆን ከቀኑ ብዛት ላይ ነው፤ ዘመድ ቤት የሚያርፍ ሰው ግማሹን ወጪ አስቀርቷል። ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና አራት ኪሎ በአንድ መስመር መሆናቸው ለእግረኛ ጎብኚ ትልቅ ጥቅም ነው። ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ የታክሲ ወጪም የለም። ስድስት ኪሎ ላይ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። የሕዝቦችን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍልም በዚያው ይታያል። ከግቢው ውጭ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት በአደባባይ ስለሆነ ክፍያ የለውም። ወደ ታች ሲወረድ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ድንቅነሽና የነገሥታት አልባሳት፣ እንዲሁም ሥዕሎች በአንድ ትኬት ይታያሉ። ሌላ ሙዚየም ለማየት አቅም የሌለው ሰው ይህን አንዱን ቢመርጥ አይጸጸትም። አራት ኪሎ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም አለ፤ መስቀል አደባባይ አጠገብ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የመግቢያ ክፍያ ሳይጠይቅ በጎብኚው ስጦታ ይተዳደራል።

የዐፄ ዮሐንስ ዘመን የቤተ መንግሥት ኑሮ የሚታየው አዲስ አበባ ሳይሆን መቐለ ነው። ጣልያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ በ1870ዎቹ የሠራላቸው ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሲሆን፣ እርሱው ያበጀው ዙፋንም የዚያ ቅርስ ነው።

ከቆላው ያልወጣውም ጥቂት አይደለም። ማኅበረ ሥላሴ በስፍራው ነው፤ የከተማዋም ስም መተማ ዮሐንስ ነው። በቋራ ወረዳ በ1998 ዓ.ም. የተከለለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። አንበሳ ከአካባቢው ጠፍቷል ሲባል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመራማሪዎች ካሜራ አንበሶችን በአላጥሽ ቀርጿል።